ባለ ረጅም ጆሮዋን ፍለጋ፦ የወሎ ደጋ የሰባት ቀን ማስታወሻ

ወንድሜ የባዮሎጂ መምህር ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ የታጠፈ ካርታ ይዞ ቤቴ መጣና ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለውን የኢትዮጵያ ደጋ በሙሉ በቢጫ እርሳስ ቀብቶታል። ከባሌ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ ቢጫ ነው።

«እታለም፣ ይሄ የማን አገር እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አላወቅኩም። የአንዲት የሌሊት ወፍ አገር ነው አለኝ።

ከዚያ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ሙቀት ይወዳሉ። ጥቂቶቹ ግን የደጋውን ብርድ ችለው ይኖራሉ። ከእነሱ አንዷ ጆሮዋ የሰውነቷን ቁመት ሊያክል ምንም አልቀረው። ሳይንስ ለብቻዋ የለያት በቅርቡ ነው። ክሩስኮፕና ላቭሬንቼንኮ የተባሉ የሩሲያ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ከባሌ ተራሮች፣ ከሐረና ጫካ የተገኘችውን መርምረው አዲስ ዝርያ ናት ብለው ጻፉ። ስሟንም በባሌ ሰየሙት፤ ፕሌኮተስ ባሌንሲስ። ዘመዶቿ አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ነው ያሉት። ከወገኖቿ ሁሉ ወደ ደቡብ ርቃ የምትኖረው እሷ ናት።

«እንደ ዋልያና እንደ ቀይ ቀበሮ ናት» አለኝ። «የቅርብ ዘመዶቻቸው በሰሜን ናቸው። እነሱ እዚህ ደጋ ላይ ቀሩ። ዙሪያውን ቆላ ከበባቸው። ደጋው ለእነሱ ደሴት ነው።»

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አገሬን እንደ ደሴት አስቤው አላውቅም ነበር። ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ።

የወንድሜ ጥያቄ ቀላል ነበር። ካርታው ቢጫ ነው። መሬቱ ላይ ግን ስንቱ ቤት ይሆናታል? ወሎ ላይ ሄደን እንየው አለ። ከሥራ የሰባት ቀን ፈቃድ ሞላሁ።

አንደኛ ቀን፦ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን መስኮት ከፈትን። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቦታ ወርደናል። ወንድሜ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቢጫው የተቋረጠበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ለእኛ ቁልቁለት ነው። ለደጋ አውሬ ግን ድንበር ነው።

ከሚሴ ምሳ በላን። ኮምቦልቻ የገባነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው።

ያረፍንበት ግቢ ጀርባ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። 12 ሰዓት ከ20 ሲሆን የመጀመሪያዋ መጣች። ቀጥላ ሌላ መጣች። ወዲያው ዛፉ ሁሉ ተንኮሻኮሸ። ትልልቆች ናቸው። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከክንዴ ይረዝማል። የምንፈልጋት እንዳልሆነች ወንድሜ ገና ሲያያቸው አወቀ። እነዚህ ፍሬ በሎች ናቸው። ዓይናቸው ትልቅ ነው፤ በማየትና በማሽተት ነው ፍሬ የሚያገኙት። የምንፈልጋት ግን ነፍሳት አዳኝ ናት።

ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባትሪዬን መሬት ላይ አበራሁ። ከዛፉ ሥር ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ የሆኑ ደረቅ ጉርሻዎች ተበትነዋል። አንዱን በእንጨት ገለበጥኩት። ሾላው በምላስና በላንቃ መሃል ተጨምቆ ጭማቂው ተውጧል፤ ገለባው ተተፍቷል። የላንቃዋ ሰንበር ሳይቀር ታትሞበታል። ከፍሬው ጋር የዋጠችውን ዘር ሌላ ቦታ በርራ ትጥለዋለች። በገደል አፋፍ፣ በግንብ ስንጥቅ ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ሾላ ስታዩ እሷን አስታውሱ።

የግቢው ጠባቂ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና አጠገባችን ቆሙ። «የሷን ነገር ታውቃላችሁ?» አሉ። ያው ሁላችንም ልጅ ሆነን የሰማነው ተረት ነው። ወፎች ግብር ክፈይ ሲሏት ጥርሴን እዩ፣ ልጄን አጠባለሁ፣ እኔ ከወፍ ምን አለኝ አለች። አይጦች ሲጠይቋት ደግሞ ክንፌን እዩ አለች። ከዚያ ወዲህ ግብር ሰብሳቢ እንዳያገኛት ቀን ተደብቃ ሌሊት ትወጣለች።

«ለወፎቹ የነገረቻቸው እውነቷን ነው አባባ» አለ ወንድሜ። «ታጠባለች። ያውም ብዙዎቹ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልዱት።»

አባባ ዝም ብለው ቆዩ። «አንድ ብቻ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እንደ አይጥ የምትፈለፍል ይመስለኝ ነበር።»

ሁለተኛ ቀን፦ የጎፍ

ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የጎፍ ተራራ ጫካውን አልጨረሰም። ጽድ አለ፤ ወይራ አለ። የተተከለ ባህር ዛፍም አለ። ፈቃዳችንን አሳይተን ከአንድ የጫካ ጠባቂ ጋር ወጣን።

እስከ ምሳ ሰዓት የሠራነው ነገር ቢኖር ዛፍ መንካት ነው። ወንድሜ ግንድ ባገኘ ቁጥር ይቆማል። ቅርፊቱን ያያል። ሽንቁር ሲያገኝ በትንሽ መስታወት ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል። የሌሊት ወፍ ጎጆ አትሠራም። ያለውን ቀዳዳ ነው የምትጠቀመው። አካባቢው ላይ ቀዳዳ ከሌለ እሷም የለችም። ባህር ዛፉ ውስጥ ገብተን አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርን። ግንዱ ሁሉ ልስልስ፣ ቀጥ ያለ፣ ወጣት ነው። ሳያረጅ ይቆረጣል። አንድም ሽንቁር አላገኘንም።

ከዚያ ወደ አሮጌው ጽድ ተሻገርን። አንዱ ቆሞ የደረቀ ነው፤ መብረቅ የመታው ይመስላል። ቅርፊቱ ከግንዱ ተላቆ እንደ አሮጌ ቆዳ ተንጠልጥሏል። በቅርፊቱና በግንዱ መሃል እጄን ሰደድኩ። ውጭው ነፋስ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ሙቅ ነበር። ከሁለት ጣት አይሰፋም። ለ10 ግራም ፍጡር ግን አዳራሽ ነው።

«ይሄንን ለማገዶ እንስጥ ብለን ነበር» አለ የጫካ ጠባቂው። «ደርቋል ብለን።»

ወንድሜ እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ዞረ። «ለሷ ከለምለሙ ይልቅ ይሄ ይበልጣል» አለው።

ማታ ዲቴክተሩን አወጣን። ከስልክ ጋር የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደምንሰማው ይቀይረዋል። እኛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ነው የምንሰማው፤ ያውም በልጅነት። እነሱ የሚጮኹት ከዚያ በላይ ነው። ገደል ላይ ቆመን ስንጣራ ማሚቶው እንደሚመልስልን፣ ለእነሱም ቅጠሉም ድንጋዩም የምትበረው የእሳት እራትም ማሚቶ ይመልሳሉ። በዚያ ማሚቶ ነው ጨለማውን የሚያዩት።

ሜዳው ጫፍ ላይ ድምፅ በዛ። ጠ... ጠ... ጠ... ጠ... እያለ ይመጣና ድንገት ይፈጥናል፤ ጥርርርር! «ያዘች» ይላል ወንድሜ። አንዷ የእሳት እራት አለቀላት ማለት ነው።

የኛይቱ ግን እንዲህ አትጮህም። ባለ ረጅም ጆሮዎቹ የሚያንሾካሹኩ ናቸው። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ መሣሪያው ካሉበት ቦታ ጥቂት ሜትር እስኪቀር ካልቀረበ አይሰማቸውም። ያ ሁሉ ጆሮ የተሰጣቸው ለዚህ ነው። ቅጠል ላይ የምትራመድ ነፍሳትን ኮቴ ይሰማሉ። ቀስ ብለው ተንሳፍፈው ከቅጠሉ ላይ ይለቅሟታል። ሲያርፉ ደግሞ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው ክንፋቸው ሥር ያስገቡታል።

እስከ 3 ሰዓት ከዛፍ ዛፍ እየዞርን ጠበቅን። ሹክሹክታ አልሰማንም።

ሦስተኛ ቀን፦ ሐይቅ

ዛሬ መሄድ የነበረብን ቦረና ሳይንት ነበር። ደንቆሮ ጫካ የወንድሜ የዓመታት ምኞት ነው። አስታውም፣ ኮሶውም፣ ጭላዳውም፣ ቀይ ቀበሮውም ያለበት የደቡብ ወሎ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀብድ የከፈልንለት ባለ መኪና ከጧቱ 1 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ እስከ 4 ሰዓት አልመጣም። ስልኩም ተዘጋ። ወንድሜ ደሴ ፒያሳ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቦርሳውን አቅፎ መንገዱን ሲያይ አንጀቴን በላው። ቀናችን ቆጠራ ነው፤ ሌላ መኪና ፈልጎ ያን ያህል መንገድ ደርሶ መልስ መሄድ አይቻልም። ሚኒባስ ተሳፍረን 30 ኪሎ ሜትር ወደማይሞላው ሐይቅ ሄድን።

እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። ወንድሜ ገባ፤ እኔ ከበሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ቀረሁ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ከበሩ ውጭ ሆኜ የማየው ጥላውን ነው። ግቢው በአሮጌ ዛፍ የተሞላ ነው። ከግቢው ውጭ ያለው ዳገት ደግሞ እርሻ ነው። ድንበሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ማታ ሐይቁ ዳር ወረድን። መረባቸውን የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። መሣሪያውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እኔ ልጅ ሆኜ የሌሊት ወፍ ፀጉር ውስጥ ከገባች አትወጣም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እሳቸው ያደጉት በሌላ ታሪክ ነው።

«እሷማ የነቢዩ ዒሳ ናት» አሉኝ። «ከጭቃ ወፍ ሠርተው እፍ ሲሉባት በአላህ ፈቃድ በረረች። ያቺ ወፍ የሌሊት ወፍ ናት ብለው ሸኾቻችን ነግረውናል። ለምን እሷ ሆነች ብትይኝ፣ ከወፍ ሁሉ ድንቋ እሷ ናት። ላባ የላትም፤ ትበራለች። ጥርስ አላት፤ ታጠባለች።»

በእኛ በኩል ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ አለመበላቷ ለሷ ደግ አይደል?» አሉ። አብረን ሳቅን። ሐይቁ ላይ ውሃውን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው የሚበሩት ትንንሾች ድምፅ ከስልኩ እየወጣ ነበር። ሽማግሌው መረቡን ትተው ቁጭ ብለው አዳመጡ። ሲለዩን ወንድሜን ግንባሩን ስመው ዱዓ አደረጉልን።

አራተኛ ቀን፦ ከሐይቅ ላሊበላ

ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ። ወልድያ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት ይዘን ወደ ጋሸና ወጣን።

ደጋው ላይ ስንደርስ ወንድሜ ሹፌሩን ለምኖ አስቆመው። ወርደን ቆምን። ነፋሱ ፊት ይልጣል። እስከ ዓይን ጥግ ድረስ ሜዳ ነው። ገብስና ስንዴ፣ የድንጋይ ካብ፣ በየቤቱ ጓሮ ጥቂት ባህር ዛፍ። ዛፍ የሚባል ሌላ የለም።

ካርታውን ዘረጋው። ነፋሱ እንዳይወስደው በአራት እጅ ያዝነው። «እይ» አለኝ። ከካርታው ሁሉ በጣም ሰፊውና በጣም ደማቁ ቢጫ የቆምንበት ነበር።

እዚያ ቦታ ላይ ነው የጉዞው ነገር የገባኝ። ከፍታው ልክ ነው። ብርዱ ልክ ነው። በመጽሐፍ ቢነበብ አገሯ ነው። ነገር ግን የሚያስጠልላት ሽንቁር ያለው አንድ ዛፍ የለም። ቢጫው ቀለም ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ እንጂ ቤቷን አይናገርም።

«እዚያ እይ» አለ ወንድሜ። ከሩቅ አንድ ክብ ጥቁር ነጥብ አለ። ቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያውን ጽድና ወይራ። ከእሱ ወዲያ ሌላ ነጥብ። በመሃላቸው ሰዓታት የሚያስኬድ ባዶ እርሻ። ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የጥንቱ ጫካ የተረፈው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በየደብሩ ቅጥር ውስጥ። ወንድሜ ማጥፊያ ላጲሱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ። እስከ ላሊበላ ድረስ ሳይናገር ቢጫውን ሲያጠፋ ነበር። ነጥቦቹን ብቻ አስቀረ።

አምስተኛ ቀን፦ ይምርሃነ ክርስቶስ

ከላሊበላ በጧት ወጣን። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ወርደን በጽዱ መሃል ዳገቱን ስንወጣ ሽታው አፍንጫ ይከፍታል። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው። እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ፣ ከላሊበላ ውቅሮች በፊት። ስለ እሱ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ዓይኔ የቀረው ዙሪያው ላይ ባለው ደን ነበር። የወፍራሞቹን ጽዶች ግንድ ለመክበብ የእኔና የወንድሜ ክንድ አልበቃም።

ከአንድ አባት ጋር ስለ ሌሊት ወፍ አወራን። እውነቱን ነገሩን። በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ኩሷ ያስቸግራል። ሥዕል ያበላሻል፤ መጽሐፍ ያበላሻል። አንዳንዱ አገልጋይ በጢስ ያባርራታል። ወንድሜ አልተከራከረም። ችግሩ እውነት ነው አለ። ማስወጣት ግድ ከሆነ ሕፃን በምታሳድግበት ጊዜ እንዳይሆን፣ እስከዚያው ከተሰቀለችበት ሥር ሸራ ቢወጠር፣ ቀዳዳው ሌሊት እሷ ከወጣች በኋላ ቢደፈን ይሻላል አላቸው። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጢሱስ ለሥዕሉም አይበጅ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ከደኑ ወጥተን አንድ መንደር ስንደርስ አንድ የቆሎ ተማሪ እየሮጠ ተከተለን። ነጠላውን ጫፍ ቋጥሯል። «የሌሊት ወፍ ፈላጊዎቹ እናንተ ናችሁ አሉ። ከእንጨት ክምር ውስጥ ወደቀች።»

ወንድሜ መጀመሪያ የልጁን እጅ አየ። «ነክሳሃለች?» አለው። አልነከሰችውም፤ በእጁም አልነካትም። በሳሙና እጁን አስታጠበው። የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ መያዝ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፉ አሉ። የማርበርግ ቫይረስም በዋሻ ከሚውሉት ትልልቅ ፍሬ በሎች ጋር የሚኖር ነው። እዚህ ላይ ወንድሜ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ነጠላውን ፈታ።

የአውራ ጣቴን ያህል ናት። ጠጉሯ ቡና ዓይነት፣ ጫፉ ላይ ፈካ ያለ። ክንፏን በእርጋታ ዘረጋው። ፀሐይዋ በክንፏ ውስጥ አለፈች። ያኔ ጣቶቿን አየሁ። አምስት ናቸው፤ እንደኔው አምስት። አውራ ጣቷ አጭር ሆኖ ጥፍር አለው። አራቱ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ረዝመው በቀጭን ቆዳ ተያይዘዋል። ለካ ክንፍ የምንለው ዝርግ መዳፍ ኖሯል። ልቧ ሲመታ የደረቷ ጠጉር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጆሮዋ አጭር ነው። እሷ አይደለችም።

ሌላ የደጋ ብርቅዬ አለች፤ የስኮት የሌሊት ወፍ ትባላለች። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ ነበርና ኦልድፊልድ ቶማስ የተባለ ሊቅ በ1927 በስሙ ሰየማት። የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ የደጋ ጫካ ነው የምትፈልገው። የያዝናት እሷ ትሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። «በዓይን ብቻ አልናገርም» አለኝ። ስም ሳይሰጣት መዝገቡ ላይ «ትንሽ፣ አጭር ጆሮ፣ ነፍሳት በል» ብሎ ብቻ ጻፈ።

12 ሰዓት ሲቃረብ ወይራ ግንድ ላይ አስጠጋት። በጥፍሯ ቧጥጣ ወደ ላይ ወጣች። ከመሬት መነሳት ይከብዳታል፤ ከፍ ካለ ቦታ ራሷን ጥላ ነው የምትበረው። የቆሎ ተማሪው ትንፋሹን ይዞ ያያል። ለቀቀች፤ ወደቀች፤ መሬት ሊነካት ሲል ክንፏ አየሩን ያዘ።

ስድስተኛ ቀን፦ ወደ አቡነ ዮሴፍ

ሁለት በቅሎ ተከራየን፤ አንዷ ለዕቃ፣ አንዷ ለእኔ። ወንድሜ በእግሩ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እኛ እስከ ጫፉ አንወጣም። የምንፈልገው ጫካው አልቆ አስታው የሚጀምርበትን ጥግ ነው።

መንገዱ እንደ መሰላል ነው። ታች ወይራና ጽድ። ከፍ ሲል አልፎ አልፎ ኮሶ። ከዚያ አስታ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠጉራም፣ ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት። ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ። አንድ የጭላዳ መንጋ ገደል ጫፍ ላይ ሣር እየነጨ ነበር። ቀይ ቀበሮም እዚህ ተራራ ላይ አለ። በመላው አገሪቱ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። እሱም እንደ እሷው ነው፤ አገሩ በየተራራው ጫፍ ተቆራርጦ ቀርቷል።

ማታ ያደርነው አንዲት እናት ቤት ነው። እማማ እልኳቸው ነበር። የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ሰጡን፤ እሳቱን ከፊታችን አነደዱ። ደጃፋቸው ላይ አንድ አሮጌ ኮሶ አለ። ግንዱ ከመሃሉ ተቦርቡሯል፤ ሕፃን ልጅ ይደብቃል። «ልጄ ልቁረጠው ይላል» አሉን። «ፍልጡን ገበያ ይወስደዋል።»

ብርዱ ጠንካራ ስለነበረ የዚያን ማታ ምንም አልበረረም። በረዶ ሊጥል ሲል ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው፣ ልባቸውን አዘግይተው፣ ያጠራቀሙትን ስብ ቆጥበው ያድራሉ። እኛም በጋቢ ተጠቅልለን አደርን። ጧት የጀሪካኑ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ነበር።

ሰባተኛ ቀን፦ የአስታው ጥግ

ቀኑን ሙሉ ደመና ሆነ። ወንድሜ ደስ አለው፤ ደመና ካለ ሌሊቱ አይበርድም። 12 ሰዓት ላይ ኮሶውን ከጀርባችን፣ አስታውን ከፊታችን አድርገን ተቀመጥን። ጨረቃ የለም። የእሳት እራቶች ከአስታው ይወጡ ጀመር። ባትሪ አጥፉ ተባለ።

1 ሰዓት ከሩብ። ምንም።

2 ሰዓት ሊሆን ሲል ከስልኩ አንድ ነገር ተሰማ። የጎፍ ላይ እንደሰማነው ያለ አይደለም። ከነፋሱ ሊለይ ትንሽ የቀረው፣ ደረቅ፣ ለስለስ ያለ ነው። ጥ... ጥ... ጥ... ወንድሜ ክንዴን ጨበጠኝ። ከኮሶው ሽንቁር በኩል ነው። አየሩ ፊቴ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ በዓይኔ ግን ምንም አላየሁም። ድምፁ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሄደ።

ጆሮዋን አላየንም። ስለዚህ ወንድሜ እሷ ናት አላለም። በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ «በጣም ደካማ ድምፅ፣ በቅርብ ርቀት፣ ከአሮጌ ኮሶ» ብሎ ጻፈ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ካርታውን አውጥቶ ባዶ ባደረገው ቦታ ላይ በቢጫ እርሳሱ አንዲት ነጥብ አኖረ። በጣም ሳስቶ ነው የቀባት።

እማማ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው ነበር። «ምን ትላለች?» አሉ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። ስልክ እንደሚያናግር ሰው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። የተቀዳውን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንደ ቆሎ ትንጣጣለች» አሉኝ። «እሳቱ ሲበርድ እንዳለ ቆሎ።» እንደገና አሰሙኝ አሉ። ሦስተኛ ጊዜም አሰማኋቸው። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ። ጎረምሳው እንቅልፍ እያዳፋው ብርድ ልብስ እንደለበሰ ወጣ።

«ና፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉት። «የተቀዳውን አይደለም። ራሷን ትሰማታለህ።»

ከኮሶው ሥር አራት ሆነን ተቀመጥን። ማንም አላወራም። የስልኩ ባትሪ 11 ከመቶ ቀርቶታል። ቆየ፣ ቆየ፤ ጎረምሳው ሊነሳ እጁን መሬት ላይ ሲያስደግፍ ስልኩ ጥ... ጥ... አለ። እጁን ቀስ ብሎ መለሰው።